የቢቢ ስዋሂሊና የኛ ስብሰባ

በዚህ እትም ስለ ኮንትራት እድሳት እንድጽፍ ነበር የተባባልነው። እሱ ለሚቀጥለው ይቆየን። ካለፈው ጁማ ወዲህ ከጉሮሮዬ አልወርድ ያለ ነገር አለ።

እዚሁ ሐምሪያ ስንሰበሰብ ለታመመችው እህታችን ስለሚዋጣው ብር ሁለት ሰዓት ሙሉ እንደተጨቃጨቅን ታስታውሳላችሁ። ከአርሲ የመጣችው ልጅ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። አምስት ሪያል አውጪ ሲሏት አወጣች። ደረጃው ላይ ይዤ ብጠይቃት፣ «ለምን እንደሆነ አልገባኝም፣ ሰው ሲያወጣ አወጣሁ» አለችኝ። አፈርኩ። እኔም እንደመጣሁ ሰሞን ማዳም የምትለው ሳይገባኝ ሁሉንም «ኤይዋ፣ ኤይዋ» እያልኩ ስንት ጉድ ሠርቻለሁ እኮ። ግን እዚያ ባዕድ ቤት ነበርኩ። ይቺ ልጅ የመጣችው እኛ ጋ ነው።

ቤት ስገባ ቢቢን አሰብኩ። ቢቢ የማዳም እናት ናቸው። በስዋሂሊ አያት ማለት ነው፣ እኔም እንደዚያው እላቸዋለሁ። የተወለዱት ዛንዚባር ነው። እንደሳቸው ያሉትን እዚህ «ዝንጅባሪ» ይሏቸዋል፤ ሙስካት ውስጥ ብዙ ናቸው። የኦማን ሱልጣኖች ዛንዚባርን ይገዙ ስለነበር ብዙ ኦማናዊ ለንግድና ለቅርንፉድ እርሻ እየተሻገረ እዚያው ወልዶ ከብዷል። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1964 ጥር ላይ አብዮት ፈነዳ፣ ሱልጣን ጀምሺድ ሸሹ፣ ብዙ አረብ ተገደለ፣ የተረፈው ተበተነ። በ1970 ሱልጣን ቃቡስ ሥልጣን ሲይዙ በውጭ ያለ ኦማናዊ ወደ አገሩ ይግባ ብለው ጠሩ። ያኔ አገሩ ሁሉ ሦስት መደበኛ ትምህርት ቤት ብቻ ነበረው። ዝንጅባሪዎቹ ደግሞ የተማሩ ነበሩ፣ እንግሊዝኛም ያውቃሉ፣ መሥሪያ ቤቱንና ትምህርት ቤቱን ካቆሙት መሃል ናቸው። ጀምሺድ ራሳቸው ግን የገቡት በ2020 ነው፣ አርጅተው።

እንግዲህ ቢቢ የአያታቸው አገር ነው የገቡት፣ ዜግነትም አላቸው። እንዲያም ሆኖ ገበያ ሲወጡ በአረብኛቸው ይሳቅባቸው እንደነበር ሩዝ ስንለቅም አጫውተውኛል። ለዓመታት ባለሱቅ ፊት አፋቸውን አይከፍቱም ነበር። ዛሬም ሲናደዱም ሲስቁም በስዋሂሊ ነው። የልጅ ልጆቻቸው ይሰሟቸዋል፣ የሚመልሱት ግን በአረብኛና በእንግሊዝኛ ነው። አንዳንዴ ከነሱ ይልቅ እኔን የሚያዋሩኝ፣ እኔ ቢያንስ የሰማሁትን ቃል ደግሜ ስለምጠይቅ ይመስለኛል።

ስዊድን ያለችው የአክስቴ ልጅ ይሄን ሳጫውታት የግሪክ ጎረቤቷን ነገር አመጣች። ግሪኮች ስዊድን በብዛት የገቡት በ1960ዎቹ ለፋብሪካ ሥራ ነው። በ1967 ወታደሮች ግሪክን ሲይዙ ደግሞ ስደተኛው ተጨመረ። እንደኛ የሰው ወለል ሲወለውሉ የኖሩም አሉባቸው። ግን በየከተማው ማኅበር አቋቋሙ። መንግሥትም በ1976 ሦስት ዓመት የኖረ የውጭ ዜጋ ለከተማው ምርጫ ድምፅ እንዲሰጥ ፈቀደ። በ1977 ደግሞ ልጆች የእናታቸውን ቋንቋ በትምህርት ቤት የመማር መብት አገኙ። ጎረቤቷ እዚያው ተወልዳ ግሪክኛ ማንበብ የቻለችው በዚህ ነው። ቴዎዶር ካሊፋቲዴስ የሚባል ደራሲ አለ አለችኝ፤ በ1964 ሄዶ ስዊድንኛ ተምሮ በስዊድንኛ ብዙ መጽሐፍ ጻፈ፣ ሲያረጅ ግን ወደ ግሪክኛው ተመልሶ ጻፈ።

እኛ ምርጫም የለን፣ ልጅም ይዘን አልመጣንም። ሁለት ዓመት ኮንትራት፣ ከዚያ እድሳት ወይ ቲኬት። ማንም ለቋንቋችን አስተማሪ አይቀጥርልንም። ስብሰባው ግን የኛ ነው። እዚያ ውስጥ ማን ዝም ብሎ እንደሚቀመጥ የምንወስነው እኛ ነን።

«ኢትዮጵያዊ ሆና አማርኛ እንዴት ይጠፋታል?» ያለችኝ እህት አለች። ከገጠር ከአራተኛ ክፍል አቋርጣ ለመጣች ልጅ እንዴት አይጠፋትም? እኔ የደሴዋ አሥር ዓመት ተምሬ ኦሮምኛ አንድ አረፍተ ነገር አልችልም፣ ማንም ግን አልጠየቀኝም። ሌላዋ ደግሞ «ጊዜ ይበላል» አለች። ይሄኛው እውነት ነው። የጁማ እረፍት ያለን ጥቂቶች ነን፣ ያለንም ከዙህር በኋላ ሦስት ሰዓት ብናገኝ ነው። ግን ባለፈው ችግር ከገጠማችሁ ፖሊስ 9999 ነው፣ የፓስፖርታችሁን ኮፒ ስልካችሁ ላይ ያዙ ስንባባል ያቺ ልጅ ሰምታን ይሆን? እኔ አልሰማችም ባይ ነኝ። ክፉ ቀን ቢመጣ የምትደውልበትን ሳታውቅ አምስት ሪያሏን ተቀብለን ሸኘናት ማለት ነው። ስለ እቁብ የምናባክነውን ግማሽ ሰዓት ብንቀንስ ትርጉሙ ይበቃዋል፤ እስቲ ሰዓት ይዛችሁ ተመልከቱ!

ከጅማ የመጡት ሁለቱ እህቶች ከሚቀጥለው ስብሰባ ጀምሮ ተራ በተራ ለማስተርጎም ተስማምተዋል። የዚህን ጽሑፍ የኋላ ገጽ በኦሮምኛ የሚሞላ ሰው እፈልጋለሁ፣ እጇ ጽሕፈት የሚያምር ብትሆን ደስ ይለኛል፣ የኔን አይታችሁታል። ከከምባታና ከሃድያ የመጣችሁም ንገሩኝ፣ ስንት እንደሆናችሁ እንኳ አላውቅም። ለአርሲዋ ልጅ ብሩ ለማን እንደተዋጣ በስልክ አስረድተናታል። ሁለት ሪያል ልጨምር ብላ ነበር፣ እኛ ነን እንቢ ያልናት።