ኮምፓይለሩን አትስደቡት

ኮምፓይለር አፕግሬድ በተደረገ ቁጥር ያው እሮሮ ነው፦ «ትናንት ይሠራ ነበር እኮ!» አይሠራም ነበር፤ ዝም ተብሎ ነው እንጂ።

ጂሲሲ 14 እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 ሲወጣ፣ አስቀድሞ ዲክሌር ያልተደረገ ፈንክሽን መጥራትን ከዋርኒንግ ወደ ኤረር ከፍ አደረገው። ብዙ የቆየ የሲ ኮድ ቢልድ አልሆን አለ። የሲ ስታንዳርድ ግን ይህን ፈቃድ የሰረዘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። 25 ዓመት የእፎይታ ጊዜ ያንሳል እንዴ?

ነገሩ የወግ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኮምፓይለሩ ፈንክሽኑን ካላወቀው «ኢንት ይመልሳል» ብሎ ይገምታል። በተለመደው 64 ቢት ማሽን ኢንት 4 ባይት፣ የሜሞሪ አድራሻ 8 ባይት ነው። ፈንክሽኑ አድራሻ የሚመልስ ከሆነ ግማሹ ተቆርጦ ይቀራል፤ ፕሮግራሙም አንድ ቀን ደንበኛ ፊት ይወድቃል።

መፍትሔ ተብሎ የሚመከረው ግን «ኤፍፐርሚሲቭ የሚለውን ፍላግ ጨምርና እለፈው» ነው። እኔ የምኖረው አቃቂ ነው፤ መንገዱ የከባድ መኪና ነው። የዘይት መብራት ሲበራ ሽቦውን በጥሶ «በል ንዳ» የሚል መካኒክ ቢገኝ ሰፈሩ ምን ይለው ነበር? እኛ ግን እንዲህ ያለውን ሰው «ሲኒየር» እንለዋለን።

ዛሬ ማታ ሪሊዝ ካለባችሁ ፍላጉን ተጠቀሙ፣ አልከለክልም። ጠዋት ግን አውጡት። የጎደለውን ሄደር ፋይል ጨምሩ፣ ፈንክሽኑን ዲክሌር አድርጉ፣ ዋርኒንጎቹን አንድ በአንድ አንብቡ። ይሰለቻል፣ አዎ። ሥራው ግን እሱ ነው።