ወንበር ሻጩ መጀመሪያ ስለ ቀበቶው ይጠይቅ

ከወረታ ተነስቶ ዓለም በርን አልፎ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው መንገድ ከፎገራ ሜዳ እስከ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ያደርሳል። በዚህ መንገድ በሚኒባስ የምትሳፈር እናት ያዘለችውን ሕፃን ፈትታ ጭኗ ላይ ታስቀምጣለች፤ አዝላው ብትቀመጥ ከመደገፊያው ጋር ይጨፈለቅባታልና። አጥብቃ ታቅፈዋለች። ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ማቀፉ ይበቃ ይሆናል፤ ግጭት ሲመጣ ግን አይበቃም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ሲጋጭ የ8 ኪሎ ሕፃን ከ100 ኪሎ በላይ የሚመዝን ያህል ሆኖ ከእጅ ይወጣል።

የሕፃን ራስ ከአካሉ ጋር ሲመዛዘን ከባድ ነው፤ አንገቱም ገና አልጠናም። ፊቱ ወደ ፊት ከሆነ ራሱ ተወርውሮ አንገቱን ይጎትተዋል። ፊቱ ወደ ኋላ ሲሆን ግን ግፊቱን የወንበሩ መደገፊያ በጀርባውና በራሱ ልክ ተካፍሎ ይቀበልለታል። ስዊድናዊው ፕሮፌሰር በርቲል አልድማን ይህን ሐሳብ ያገኙት ጠፈርተኞች ሲተኮሱ በጀርባቸው ተንጋለው መቀመጣቸውን አይተው ነው፤ ቮልቮም በ1964 እ.ኤ.አ. የሙከራ ወንበር ሠርቷል። በአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ስሌት መሠረት የሕፃን ወንበር ከአንድ ዓመት በታች ያለ ሕፃን በአውቶሞቢል አደጋ የመሞት ዕድሉን በ71 በመቶ ይቀንሳል። አውሮፓ የሚሠራበት አዲሱ ደንብም እስከ 15 ወር ድረስ ፊት ወደ ኋላ እንዲሆን ያስገድዳል።

እንግዲህ ወንበሩን ከአዲስ አበባ ጭኜ ደብረ ታቦር ልሽጥ የሚል ነጋዴ ይኖር ይሆናል። ሐሳቡ ደግ ነው። ነገር ግን ወንበሩ በምን ይታሰራል? የብዙ ሚኒባሶች የኋላ መቀመጫ ቀበቶ የለውም፤ በአሮጌ አውቶሞቢሎችም ቀበቶው ከወንበር ልብሱ ሥር ተቀብሮ ይገኛል። በገመድ የታሰረ የሕፃን ወንበር በግጭት ጊዜ ሕፃኑን ይዞ ይወረወራል። ከፊት፣ የሚሠራ ኤርባግ ባለበት ቦታ ላይ የተቀመጠም እንዲሁ ገዳይ ነው፤ ኤርባጉ ሲፈነዳ የሚመታው የወንበሩን ጀርባ፣ ከጀርባው ያለውን የሕፃኑን ራስ ነው። ሰልባጁስ? አንድ ጊዜ ግጭት ያየ ወንበር ስንጥቁ ላይታይ ይችላል፤ የአገልግሎት ማብቂያውም ብዙውን ጊዜ ከፕላስቲኩ ጀርባ ታትሟል። ይህን ሳያይ ለቀለሙ ብቻ ዋጋ የሚከራከር ገዢ ሞልቷል፤ ሻጩም አይነግረውም።

ጋፋት ላይ ለአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያቀለጠ አገር የቀበቶ ብረት መበየድ አያቅተውም የሚል አይጠፋም። እጅማ አያጥርም። ብየዳው በግጭት ኃይል ካልተፈተነ ግን ይዞ ይኑር አይኑር የሚታወቀው አደጋው ሲደርስ ብቻ ነው። ቀበቶ ከመኪናው አካል ጋር እንጂ ከመቀመጫው ጣውላ ጋር አይታሰርም።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ የሚገቡት አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ አይሶፊክስ የሚባለው የወንበር ማሰሪያ ከፋብሪካ ተገጥሞላቸዋል። የአዲስ አበባ ገዢ በዚህ ይጠቀማል። የደብረ ታቦሯ እናት የምትሳፈረው ግን ሚኒባስ ነው። በባሕር ዳርና በደብረ ታቦር መካከል ሊያሠራ ሚኒባስ የሚገዛ ባለሀብት ከሞተሩና ከጎማው ጋር የኋላውን ቀበቶ እየሳበ ቢሞክር፣ የሌለውንም ቢመልስ፣ ደላላውም ቀበቶ ያለውን መፈለግ ይጀምራል። ወንበሩ የሚሸጠው ከዚያ በኋላ ነው።