ወይኑ ይቅደም ወይስ ወንበሩ?

በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ በምትገኘው የቦርዶ ከተማ ጠዋት ጠዋት ሚኒባሶች ስምንት ስምንት እንግዳ እየጫኑ ወደ ምሥራቅ ያቀናሉ። መድረሻቸው አርባ ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ጥንታዊቷ የወይን ከተማ ሴንት ኤሚሊዮን ናት። እንግዶቹ ሁለት ወይም ሦስት የወይን እርሻ ይጎበኛሉ፤ ከየበርሜሉና ከየጠርሙሱ ይቀምሳሉ፤ ምሳ ይበላሉ፤ የከተማዋን ኮረብታማ መንገዶች ከአስጎብኚያቸው ጋር በእግር ይዞራሉ፤ ማታ ወደ ቦርዶ ይመለሳሉ። ላይ ላዩን ሲታይ ሽርሽር ነው። ነጋዴ ግን በሽርሽር ውስጥም ሒሳብ ያያል።

የሴንት ኤሚሊዮን ነዋሪ ሁለት ሺሕ አይሞላም። ጎብኚዋ ግን በዓመት ወደ አንድ ሚሊዮን እንደሚጠጋ ይነገራል። ይህን ሁሉ ሰው የሚስበው ወይኑ ብቻ ነው እንዳይባል፣ ወይኑ በኒውዮርክም ሆነ በቶኪዮ ሱቅ ውስጥ ይገኛል። እንግዳው ያን ያህል መንገድ መጥቶ የሚከፍለው ለሌላ ነገር ነው። ዛሬ በከተማዋ የሚነሣው ጥያቄም ይኸው ሌላ ነገር ወይኑን ያገለግላል ወይስ በወይኑ ላይ ጌታ ሊሆን ጀምሯል የሚል ነው።

ስምንት ወንበር ለምን?

“አነስተኛ ቡድን” የሚለው ቃል በማስታወቂያ ላይ ሲነበብ የተለየ መስተንግዶ ብቻ ይመስላል። ከጀርባው ግን ሕግ አለ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ተራው የመንጃ ፈቃድ የሚያስነዳው ከሹፌሩ ሌላ እስከ ስምንት ሰው የሚይዝ መኪና ነው። ዘጠነኛ ተሳፋሪ ሲጨመር ሌላ ፈቃድ፣ ሌላ ሹፌርና ሌላ ወጪ ይመጣል። የቡድኑን ቁጥር የወሰነው የእንግዳው ምቾት ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ለስሌት እንዲመች አንድ ወንበር በ150 ዩሮ ተሸጠ ይባል። የመኪናው፣ የነዳጁና የሹፌር አስጎብኚው የቀን ወጪ 500 ዩሮ፣ ለቅምሻና ለመግቢያ የሚከፈለው ደግሞ በነፍስ ወከፍ 40 ዩሮ ይሁን። ስምንቱም ወንበር ሲሞላ ገቢው 1,200፣ ወጪው 820፣ ትርፉ 380 ዩሮ ይሆናል። አራት ሰው ብቻ ከመጣ ግን ገቢው 600፣ ወጪው 660 ነው፤ ባለመኪናው ከኪሱ 60 ዩሮ ጨምሮ እንግዶቹን አንሸራሸረ ማለት ነው። ሒሳቡ ከኪሳራ የሚወጣው አምስተኛው ሰው ሲሳፈር ነው። የሚኒባስ ታክሲ ባለንብረት ይህን ስሌት ያለ ካልኩሌተር ያውቀዋል።

ከቦርዶ ወደ ሴንት ኤሚሊዮን በባቡር ግማሽ ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው፤ ዋጋውም ከሚኒባሱ ጋር አይወዳደርም። ታዲያ እንግዳው ለምን ራሱን ችሎ አይሄድም? አንደኛ፣ የባቡር ጣቢያው ከከተማዋ ወጣ ያለ ሲሆን እርሻዎቹም የተበታተኑ ናቸው፤ ብዙዎቹ ቀጠሮ ያልያዘ ሰው አይቀበሉም። ሁለተኛ፣ መኪና ተከራይቶ የመጣ እንግዳ እንደ ልቡ መቅመስ አይችልም፤ በፈረንሳይ ሕግ ሹፌር በደሙ ውስጥ የሚፈቀድለት የአልኮል መጠን በሊትር ከ0.5 ግራም በታች ነው። ስለዚህ አስጎብኚው የሚሸጠው ቀጠሮና ያልጠጣ ሹፌር ነው። እነዚህ ሁለቱ ተራ ነገር ይምሰሉ እንጂ የንግዱ መሠረት ናቸው።

የድንጋዩ ቤተ ክርስቲያንና የስሙ ዋጋ

ከወይኑ ቀጥሎ እንግዳው የሚያየው ኢትዮጵያዊ አንባቢን ሳያስገርም አይቀርም። በከተማዋ መሀል ከኖራ ድንጋይ ተፈልፍሎ የተሠራ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ የተፈለፈለውም በ12ኛው መቶ ዘመን አካባቢ ነው። በላሊበላ እንደ ቤተ ጊዮርጊስ ያሉት ከላይ ወደ ታች ተፈልፍለው ከአለቱ ሲለዩ፣ የሴንት ኤሚሊዮኑ ከገደሉ ጎን ወደ ውስጥ የተቦረቦረ ነው። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው በ8ኛው መቶ ዘመን በዚያ ዋሻ ውስጥ ኖሯል ከሚባል መናኝ ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ለመግባት ከቱሪስት ቢሮው አስጎብኚ ጋር መሆን ግዴታ ነው። ይህ ደንብ ድንጋዩን ይጠብቃል፤ ገቢውንም በከተማዋ እጅ ያቆየዋል።

ስሙ በአንድ ጀምበር የተገነባ አይደለም። አካባቢው በእንግሊዝ ነገሥታት ሥር በነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1199 ንጉሥ ጆን ለከተማዋ ሹማምንት ራሳቸውን የማስተዳደር መብት ሰጣቸው። “ዡራድ” የተባለው ይህ ሸንጎ የወይኑንም ጥራት ይቆጣጠር ነበር። በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ ፈርሶ እ.ኤ.አ. በ1948 በወይን አምራቾች ማኅበርነት እንደገና ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኔስኮ ከተማዋንና የወይን እርሻዋን በዓለም ቅርስነት መዘገበ። የስምንቱ ወንበር ዋጋ በአንድ ቀን የሚተመን ቢሆንም፣ ጀርባው ላይ ስምንት መቶ ዓመት የተጠበቀ ስም አለ።

ጎብኚው ከፍሎ የሚሰማው ማስታወቂያ

አምራቾቹ በራቸውን ለእንግዳ የከፈቱት ለእንግዳ ፍቅር ብቻ አይደለም። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣችው ሕግ የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያን አጥብቃ ገድባለች፤ በቴሌቪዥን ማስተዋወቅ ክልክል ነው። በዚህ ሁኔታ እርሻውን የሚጎበኝ እንግዳ ማስታወቂያውን ለሦስት ሰዓት ያዳምጣል፤ ለማዳመጡም ራሱ ይከፍላል። ሲወጣ ሁለት ጠርሙስ ከገዛ ደግሞ አምራቹ ያለ ጅምላ ነጋዴና ያለ ቸርቻሪ ሸጠ ማለት ነው።

ይህ በቦርዶ ገበያ ቀላል ነገር አይደለም። በነባሩ አሠራር ትልልቆቹ እርሻዎች ለውጭ አስመጪ በቀጥታ አይሸጡም። በመሀል ደላላ አለ፤ ከደላላው ቀጥሎ ጅምላ ነጋዴው አለ። ደላላው አምራቹንና ጅምላ ነጋዴውን አገናኝቶ በተለምዶ 2 በመቶ ይወስዳል። የደላላን ሥራ የሚንቅ ሰው ካለ የቦርዶን ታሪክ ማንበብ ይኖርበታል። እ.ኤ.አ. በ1855 ለፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የወይኖች የደረጃ ዝርዝር ሲፈለግ፣ ያዘጋጁት ሳይንቲስቶች ወይም ሹማምንት ሳይሆኑ የቦርዶ ደላሎች ነበሩ። መነሻቸውም ወይኖቹ ለብዙ ዓመታት በገበያ ላይ ያወጡት ዋጋ ነው። ያ ዝርዝር እስከ ዛሬ ይሠራበታል፤ ከደረጃ ወደ ደረጃ ያደገው ዋናው እርሻ እ.ኤ.አ. በ1973 የመጀመሪያውን ደረጃ ያገኘው ሙቶን ሮትሽልድ ነው።

ጉብኝት ዳኛ ሲሆን

ሴንት ኤሚሊዮን በ1855ቱ ዝርዝር አልተካተተችም። የራሷን ደረጃ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1955 ሲሆን፣ የእሷ በየአሥር ዓመቱ ገደማ ይከለሳል። ማደግም መውረድም ስላለ አሠራሩ ፍትሐዊ ይመስላል። ነገር ግን ደረጃ የጠርሙሱን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የመሬቱንም ዋጋ ስለሚያንቀሳቅስ፣ የወረደው ሁሉ ጠበቃ ይዞ ይነሣል። የ2006ቱ ክለሳ በፍርድ ቤት ክርክር ፈርሷል።

የባሰው የመጣው ግን ከላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ሸቫል ብላንና ኦዞን የተባሉት፣ ከ1955 ጀምሮ በቁንጮነት የቆዩ ሁለት እርሻዎች ከውድድሩ ራሳቸውን አገለሉ። ቅሬታቸው ነጥብ አሰጣጡ ከአፈሩና ከወይኑ አልፎ ለዝና፣ ለማኅበራዊ ሚዲያና ለእንግዳ መቀበያ ብዙ ቦታ ሰጥቷል የሚል ነበር። በ2022 መጀመሪያ አንጀሉስ የተባለው ሦስተኛው ስመ ጥር እርሻም ክርክሩ በዛ ብሎ ወጣ። በዚያው ዓመት መስከረም የወጣው ደረጃ 85 እርሻዎችን ሲይዝ ሦስቱ ግን አልነበሩበትም።

የደረጃው ጠበቆች መልስ አላቸው። ከነጥቡ ግማሹ የሚሰጠው በቅምሻ ነው፤ ማንም የማያውቀው ወይን እንዴት አንደኛ ይባላል ይላሉ። ሸቫል ብላን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2011 በስመ ጥር አርክቴክት የተነደፈ ዘመናዊ የወይን መጋዘን ማስመረቁንም የሚያስታውስ አለ። መልሱ አስተያየት ሊነፈገው አይገባም፤ ነገሩን ግን አይዘጋውም። ዝና በገበያ ውስጥ የጥራት ውጤት ሲሆን ጤናማ ነው። ዝና ራሱ ነጥብ ሲያስገኝ ግን አምራቹ ገንዘቡን ከወይን ግንዱ አንሥቶ ወደ እንግዳ መቀበያ አዳራሹ ያዞራል። አዳራሽ በሁለት ዓመት ይሠራል፤ የወይን ግንድ ጥሩ ፍሬ የሚሰጠው ግን ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው። ካፒታል ያለው ትልቁ እርሻ ሁለቱንም ይችላል። ትንሹ ገበሬ አንዱን መምረጥ አለበት፤ ደረጃ የሚገኘው በአዳራሹ ከሆነ የትኛውን እንደሚመርጥ ግልጽ ነው። ስለዚህ ጥለው የወጡት ሀብታሞች ቢሆኑም ቅሬታቸው በዋናው ነጥብ ትክክል ነው። የ1855 ደላሎች የመዘኑት ገዢው ለወይኑ ምን ያህል እንደከፈለ እንጂ ስንት ሰው በር እንዳንኳኳ አልነበረም።

በመስኮት የሚታየው ኪሳራ

ሚኒባሱ ወደ ሴንት ኤሚሊዮን ከሚሄድባቸው መንገዶች አንዱ “ኦንትር ዱ ሜር” በተባለው አካባቢ ያልፋል። እዚያም ወይን አለ፤ ጠርሙሱ ላይ የሚጻፈው ግን ብዙውን ጊዜ ተራው “ቦርዶ” የሚለው ስም ነው። የፈረንሳይ ሕዝብ ቀይ ወይን መጠጣት እየቀነሰ ሄዷል፤ ትልቅ ገዢ የነበረችው ቻይናም ከ2017 በኋላ ግዢዋን አሽቆልቁላለች። በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2023 ለቦርዶ አካባቢ 57 ሚሊዮን ዩሮ ተመድቦ እስከ 9,500 ሔክታር የሚደርስ ወይን እንዲነቀል ዕቅድ ወጣ። ለገበሬው የሚደርሰው በሔክታር 6,000 ዩሮ ነበር። አባቱ የተከለውን ግንድ በትራክተር ለሚነቅል ሰው ይህ ገንዘብ ካሣ ነው ለማለት ያስቸግራል።

እንግዶቹ ይህን በመስኮት እያዩ ያልፋሉ፤ መኪናው አይቆምም። ቱሪዝም የወይን ቀውሱን ያድናል ለሚሉ ሰዎች መልሱ ያለው እዚሁ መንገድ ዳር ነው። ጉብኝት ስም ላለው ስም ይጨምራል፤ ስም ለሌለው ግን ገበያ አይፈጥርም። አንድ ሚሊዮን ጎብኚ የሚመጣው ወደ አንዲት ኮረብታ እንጂ ወደ ጎረቤቷ አይደለም።

ለአዲስ አበባ ምን ይላል?

ነገሩ ከኢትዮጵያ የራቀ አይደለም። የቦርዶው ካስቴል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1998 በቢጂአይ አማካይነት የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራን ገዝቷል፤ በ2014 ደግሞ በዝዋይ የተመረቱት ሪፍት ቫሊና አካሺያ ወይኖቹ ገበያ ላይ ውለዋል። ከዚያ በላይ የሚያገናኘው ግን ቡና ነው። ኢትዮጵያ ይርጋ ጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር ለሚሉት ስሞች የንግድ ምልክት መብት ተከራክራ እ.ኤ.አ. በ2007 ከስታርባክስ ጋር ተስማምታለች። ስሙ አለ፤ ድንጋዩም በላሊበላ አለ። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ የጎደለው ቀጠሮ ጠብቆ የሚቀበል፣ አቅምሶ የሚያስረዳና ዋጋውን ለጥፎ የሚያስከፍል አደራጅ ነው።

በቡና ጉብኝት ላይ ገንዘቡን ለማፍሰስ የሚያስብ ባለሀብት ከሴንት ኤሚሊዮን ሁለት ነገር መውሰድ ይችላል። አንደኛው የስምንቱ ወንበር ሒሳብ ነው፤ አምስተኛው እንግዳ ሳይገኝ መኪና መግዛት አያዋጣም። ሁለተኛው ደግሞ የቅምሻው ክፍያ በቀጥታ ለገበሬው መድረስ እንዳለበት ነው። የወንበሩ ገንዘብ ሁሉ ከተማ ከቀረ ገበሬው ማሳውን የሚንከባከብበት ምክንያት አያገኝም። ቡናው ሲከሳ ደግሞ ስሙም አብሮ ይከሳል፤ ያን ጊዜ መኪናው ቢሞላም የሚወስድበት ቦታ አይኖርም።