እንግሊዝኛ ቃል ለሚያጠራቅሙ

አንባቢ ሆይ፤ መዝገበ ቃላትን ከፊደል ኤ ጀምሮ በቃሉ ለመያዝ የሚታገል አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳታውቅ አትቀርም። እንዲህ ያለው ወዳጅ በጥቅምት ጀምሮ በኅዳር ፊደል ሲ ሳይደርስ ይደክመዋል፤ እስከዚያው ድረስ ግን ጓደኞቹን «ኤበሬሽን ማለት ምንድን ነው?» እያለ ሲያስጨንቅ ይሰነብታል። ትጋቱ የሚመሰገን ነው። ዳሩ ግን ትጋቱ የዋለበት ስፍራ ትክክለኛው ስላልሆነ፥ ዛሬ በዚህ ዓምድ ስለዚሁ ጉዳይ ጥቂት እንጫወት። ትምህርትህን ጨርሰህ ቢሮ ገብተህ ደብዳቤ የምታረቅ ብትሆንም ነገሩ ይመለከትሃል።

ጉዳዩ የፉክክር ብቻ አይደለም። በአገራችን ተማሪው 9ኛ ክፍል ሲደርስ፥ ባንዳንድ ክልልም ከዚያ ቀደም ብሎ፥ ሒሳቡንም ባዮሎጂውንም ታሪኩንም የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ የቃል ድኽነት የእንግሊዝኛን ውጤት ብቻ ዝቅ አድርጎ አያቆምም፤ ሌላውንም ትምህርት ይዞት ይወርዳል። ቃሉ ያልገባው ልጅ ትምህርቱ ያልገባው ይመስላል። ይህን መምህሩ ብቻ ቢያስብ ባልከፋ፤ የሚያሳዝነው ልጁ ራሱ «እኔ ሰነፍ ነኝ» ብሎ ማመኑ ነው።

እንግዲህ የሚያሰናክለው የትኛው ቃል ነው? ብዙ ሰው «ከባዱ» ይላል፤ እኔ ግን አልስማማም። «ፎቶሲንተሲስ» የሚለውን መምህሩ በሰሌዳ ላይ ጽፎ፥ ሥዕል ስሎ፥ ደጋግሞ ስለሚያስረዳው የማያውቀው ተማሪ ጥቂት ነው። ፈተና ላይ የሚጥለው በዚያው ጥያቄ ውስጥ የተሸጎጠው «አንለስ» የሚባለው ትንሽ ቃል ነው። «አንለስ» ሲል «ካልሆነ በቀር» ማለቱ ነውና፥ እንደ «ኢፍ» አድርጎ ያነበበው ተማሪ ዓረፍተ ነገሩን ገልብጦ ይረዳውና አብጠርጥሮ የሚያውቀውን ጥያቄ ስቶ ይወጣል።

ከነዚህ ትንንሾች ሌላ ደግሞ ባለቤት ያጡ መካከለኛ ቃሎች አሉ። ማይክል ዌስት የተባለው እንግሊዛዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ1953 ለተማሪ ይበልጥ የሚጠቅሙትን 2,000 ያኽል ተራ ቃሎች ለይቶ አሳትሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ አቬሪል ኮክስሄድ የምትባል የኒውዚላንድ ምሁር 3 ሚሊዮን ተኩል ያኽል ቃል ያለበትን የዩኒቨርሲቲ ጽሑፍ መርምራ፥ ከዌስት ቃሎች ውጭ በየትምህርቱ ዓይነት እየተመላለሱ የሚመጡ 570 የቃል ቤተሰቦችን አወጣች። «አሲዩም»፥ «ፋክተር»፥ «ኮንሴፕት»፥ «ሪኳየር»፥ «ሲግኒፊካንት» የመሳሰሉት ናቸው። በትምህርት መጻሕፍት ውስጥ ከ100 ቃል 10 ያኽሉ ከነዚህ ወገን ነው። የባዮሎጂው መምህር «አሲዩም»ን ለማስረዳት ትምህርቱን አያቆምም፤ የእንግሊዝኛው መምህርም በዚያን ሰዓት ሌላ ምዕራፍ ላይ ነው። ቃሉ በሁለቱ መካከል ሜዳ ላይ ይቀራል። በቀን 3 ብትይዝ 570ው በ190 ቀን ያልቃል፤ ይህም አንድ የትምህርት ዓመት ያኽል ነው። እንዲህ ሲሰላ አያስፈራም።

«እይዛለሁ፥ ግን ይጠፋብኛል» ትል ይሆናል። የሁሉም ሰው ይጠፋል። ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት፥ ትርጉም የሌላቸውን ድምፆች በራሱ ላይ እየሞከረ፥ ሰው የተማረውን አብዛኛውን የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት መሆኑን አሳየ። ደግሞ ሌላው ጀርመናዊ ላይትነር እ.ኤ.አ. በ1972 የካርድ ሣጥን ዘዴ አስተዋወቀ። ዘዴው ርካሽ ነው። ካርቶን ቆርጠህ፥ በአንዱ ገጽ ቃሉን፥ በጀርባው ትርጉሙንና አንድ ዓረፍተ ነገር ትጽፋለህ። ሣጥንህን በ5 ትከፍለዋለህ። ያወቅኸው ካርድ ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋል፤ የሳትኸው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። የመጀመሪያው ክፍል በየቀኑ ይታያል፤ ወደ ኋላ የሄደው እየዘገየ። የጫማ ሣጥን ይበቃል። ያለ ዓረፍተ ነገር የተጻፈ ካርድ ግን የስም ጥሪ እንጂ ትምህርት አይደለም።

ዓረፍተ ነገር የማለቴም ምክንያት ቃል የሚኖረው ከጎረቤቱ ጋር ስለ ሆነ ነው። እኛ «ወፍራም ቡና» እንላለን፤ እንግሊዞቹ «ስትሮንግ» ይላሉ፤ ያንኑ ቃል ግን ለዝናቡ አይጠቀሙበትም፥ ለዝናቡ «ሄቪ» ነው። ለምን? ምክንያት አይጠየቅም፤ ለምዶ መያዝ ብቻ ነው። ደግሞም አማርኛ ውስጥ የገባ የውጭ ቃል ሁሉ እንግሊዝኛ አይምሰልህ። «ፋብሪካ» ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ እንግሊዙ «ፋብሪክ» ሲል ጨርቅ ማለቱ ነው። «ላጲስ»ም እንዲሁ ነው፤ ጣልያኖቹ ዘንድ መጻፊያው እርሳስ ሲሆን እኛ ማጥፊያ አድርገነዋል። ለእንግሊዙ ግን ከሁለቱም አንዱ አይደለም።

ግዕዝና አማርኛ የሚያውቅ ልጅ አንድ ብልጫ አለው፤ ይኸውም ቃልን በዘሩ ማየት ለእርሱ አዲስ አይደለም። ጽሕፈት፥ ጸሐፊ፥ መጽሐፍ የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸውን ያውቃል። በእንግሊዝኛም መሸከም የሚል ትርጉም ካለው የላቲን «ፖርት» ኤክስፖርት፥ ኢምፖርት፥ ትራንስፖርት ይወለዳሉ። አንዱን ዘር ስትይዝ አያሌ ቃሎች አብረው ይገባሉ። ብቻ ዘር አንዳንዴ ያታልላል፤ «ኢምፖርታንት» ከዚሁ ቤት ወጥቶ ሳለ ከሸክም ጋር የነበረውን ዝምድና ረስቷል።

መዝገበ ቃላትን በተመለከተ ሁለት ዓይነት ቢኖርህ ደስ ይለኛል። አንዱ ሆርንቢ የጀመረው፥ በኦክስፎርድ እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣውና ዛሬም እየታደሰ የሚታተመው የተማሪዎች መዝገበ ቃላት ነው፤ ቃሉን በቀላል እንግሊዝኛ ይፈታል። ሁለተኛው ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ነው። እያንዳንዱን ቃል በዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ አማርኛውን ስለሚሰጥ፥ ለካርድህ ዓረፍተ ነገር ፍለጋ አትንከራተትም።

ለቢሮ ሠራተኛ ደግሞ ብዙ ሰው ያላሰበው መምህር አለ፤ ነጋሪት ጋዜጣ ነው። በ1934 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ አዋጁን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ሲያትም ኖሯል፤ ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣም ይህንኑ ልማድ ይዟል። ለፍቅር ደብዳቤ የሚሆን እንግሊዝኛ አይገኝበትም፤ ለመሥሪያ ቤት ጽሑፍ ግን «መሻር» «ሪፒል»፥ «ሊጠቀስ ይችላል» ሲባል ያለው መጥቀስ «ሳይት» መሆኑን ከዚያው ትማራለህ። ከመዝገብ ቤት ወይም ከቤተ መጻሕፍት አንድ አጭር አዋጅ ተውሰህ፥ የእንግሊዝኛውን ዐምድ በወረቀት ሸፍን። አማርኛውን አንቀጽ በአንቀጽ ራስህ ተርጉም፤ ከዚያ ወረቀቱን አንሣና የሳትኸውን ቃል በካርድህ ጻፍ። በሳምንት አንድ አንቀጽ ይበቃል።