የጨለመው ፊልሙ ነው ወይስ እኛ?

“የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች” ይላሉ አበው። ይህን ተረት ያነሣሁት ስለ ወጥ ለማውራት አይደለም፤ ስለ ሲኒማ ነው። ውድ አንባብያን፣ በተለይም የዲፓርትመንታችን ተማሪዎችና መምህራን፣ አንድ ቀን የአማርኛ ፊልም ገብታችሁ “ምን ዓይነት የጨለመ ፊልም ነው!” እያላችሁ ወጥታችሁ ታውቁ ይሆናል። ምናልባት የጨለመው ፊልሙ አልነበረም።

እንደሚታወቀው የአዲስ አበባ ሲኒማ ለረዥም ዘመን የመሀል ከተማ ነገር ነበር። አምፒርም ሆነ አምባሳደር ያደጉት በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የአማርኛ ፊልም በቪዲዮ ካሜራ እየተቀረጸ ሲወጣና እንደ “ቀዝቃዛ ወላፈን” ያሉ ሥራዎች ሕዝቡን በር ላይ ሲያሰልፉ፣ ሲኒማውም ወደ ምሥራቅ መጣ። ቦሌ መንገድ ላይ ዓለም ሲኒማ፣ ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ በኤድና ሞል ውስጥ ማቲ፣ ጉርድ ሾላ ደግሞ ሴንቸሪ ሞል ተከፈቱ። በየጊዜውም ጥቅልሉን ፊልም የሚያሽከረክረው ማሽን ቦታውን ለዲጂታል ፕሮጀክተር ለቀቀ። ማሽኑን ለወጥን፤ ማሽኑን የመንከባከብ ልማዱን ግን ይዘነው የመጣን አይመስለኝም። የዚህ ጽሑፍ ቁም ነገርም ይኸው ነው።

ከወሬ ይልቅ የራሴን ጉድ ላውራ። አፓረንትሺፕ የወጣሁት በቦሌ ክፍለ ከተማ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ አዳራሽ ነበር። ፕሮጀክተሩ ትልቁ የሲኒማ ማሽን ሳይሆን የስብሰባ አዳራሽ ዓይነት፣ 5,000 ሉመን የተጻፈበት ነበር። በዚያ ሳምንት የገባው ፊልም ካሜራማን ደግሞ የገርጂ ልጅ፣ አብሮ አደጌ ነው። የፊልሙ ግማሽ የሚሆነው ሌሊት የተቀረጸ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ምስሉ ጨለመ። ተመልካቹ አጉረመረመ። እኔም ብልጥ ነኝ ብዬ ሜኑ ውስጥ ገባሁና ብራይትነሱን ከፍ አደረግኩት። ምን ዋጋ አለው! ጥቁሩ ሁሉ አመድ መሰለ፤ የሌሊቱ ትዕይንት ጉም የወረደበት ሆነ። ለምን ቢሉ ብራይትነስ የሚባለው ማስተካከያ የአምፖሉን ጉልበት አይጨምርም፤ የጥቁሩን ደረጃ ብቻ ነው ከፍ የሚያደርገው። ይህን ክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ፤ ፈተናም መልሼዋለሁ። ጭንቅ ሲመጣ ግን እጄ የሮጠው ወደ ሪሞቱ ነው።

ጓደኛዬ ወደ ማሽኑ ክፍል ወጥቶ “ምንድን ነው ችግሩ?” ሲለኝ “ፋይሉ ነው” አልኩት። ሳላጣራ! ዳይሬክተሩም አጠገቡ ቆሞ ነበርና “እኔ ብያለሁ፣ አጨልመህ ነው የቀረጽከው” አለው። የቀረውን ክፍያ ያስያዘበት በዚያች በእኔ ቃል ነው።

በሦስተኛው ቀን ድሮ በ35 ሚሊ ሜትር የሠሩ አንድ አዛውንት ኦፕሬተር ሊጠይቁን መጡ። ትንሽ ቆመው አዩና፣

“አንተ ልጅ፣ መስታወቱን መቼ ነው የጠረጋችሁት?” አሉኝ።

“የቱን መስታወት ጋሼ?”

“ብርሃኑ የሚያልፍበትን ነዋ! እኛ እኮ እሱን ሳንጠርግ ፊልም አናስገባም ነበር።”

በማሽኑ ክፍልና በአዳራሹ መካከል ያለችውን መስኮት ማለታቸው ነው። ጣቴን ባሳርፍባት ጣቴ ጠቆረ። እንግዲህ በማግስቱ ከዲፓርትመንታችን ላቦራቶሪ ላክስ ሜትር ተውሼ ሄድኩ።

እስቲ በሒሳብ እንየው። ስክሪኑ 8 ሜትር በ4.5፣ ማለትም 36 ካሬ ሜትር ነው። 5,000 ሉመን ለ36 ሲካፈል 139 ላክስ ይሆናል። ነገር ግን የእኛ ማሽን ቺፕ 1024 በ768፣ ማለትም 4 ለ3 ነው፤ ፊልሙ ደግሞ 16 ለ9። ከቺፑ የሚሠራው 1024 በ576 ብቻ ስለሆነ ሩብ የሚሆነው ብርሃን ከላይና ከታች በጥቁር ይባክናል፤ 104 ላክስ ቀረ። እንዲህ ያለ አምፖል ዕድሜው ሲያልቅ ብርሃኑ በግማሽ ይወርዳል፤ 52 ቀረ። እኔ ነጭ ምስል ከፍቼ ስክሪኑ መሀል ላይ ስለካ ያገኘሁት ስንት ይመስላችኋል? 34 ላክስ! ተራ ነጭ ስክሪን ከሆነ ላክሱን ለ3.14 ስናካፍል በካሬ ሜትር 11 ካንዴላ ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የሆሊዉድ ስቱዲዮዎች ያወጡት የዲጂታል ሲኒማ መስፈርት የሚጠይቀው 48 ነው። ከሩብ በታች ማለት ነው። ታዲያ እንዲህ ባለ ብርሃን የሌሊት ትዕይንት እንዴት ይታይ?

መስታወቱንና ሌንሱን በአግባቡ ጠረግን። የአየር ማጣሪያውን አወጣነው፤ የቦሌ አቧራ ጨርቅ አስመስሎታል። ማሽኑ ሲግል ራሱን ለማዳን ብርሃኑን ይቀንስ ነበር። በዚህ ላይ የሚገርመው ሜኑ ውስጥ ያለው የከፍታ ቦታ ማስተካከያ ጠፍቶ ነበር። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። የብዙ ፕሮጀክተሮች መመሪያ ከ1,500 ሜትር ገደማ በላይ ሲሆን ማስተካከያው ይከፈት ይላል፤ ማራገቢያው ፈጥኖ እንዲሽከረከርና ቀጭኑ አየር ሙቀቱን እንዲያወጣ። “ይጮኻል” ተብሎ ነው የተዘጋው አሉ። ከፈትነው። ብራይትነሱንም ወደ ቦታው መለስኩት። ስንለካ 49 ላክስ ሆነ። ከዚያም የምስሉን ወርድ በዙም ከ8 ሜትር ወደ 7 አጠበብነውና የተረፈውን ጠርዝ በጥቁር ጨርቅ ሸፈንነው። 64 ላክስ! አንዲት ብር ሳትወጣ ብርሃኑ እጥፍ ሊሆን ትንሽ ቀረው። ከመስፈርቱ አሁንም በታች ነው፤ ለዚያ አዲስ አምፖል ያስፈልጋል። ግን የጓደኛዬ የሌሊት ትዕይንት ታየ። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ የምታለቅስበት ቦታ ላይ እንባዋን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ለካስ ተቀርጾ ነበር!

አንዳንዱ “ይህ የድሃ አገር ችግር ነው” ሊል ይችላል። አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ቦስተን ከተማ የጋዜጣ ዘገባ የወጣው ለ3ዲ የሚገጠመው ሌንስ ተራ ፊልም ሲታይም ሳይነሣ እየቀረ ምስሉ እጅግ ይጨልም እንደነበር ነው። እዚያ ውድ ማሽንም፣ ብዙ ገንዘብም ነበር። የጠፋው ሌንሱ ወርዶ እንደሆነ የሚያይ ሰው ነው።

የአዳራሽ ባለቤቶችንም ልረዳቸው እሞክራለሁ። አምፖል በውጭ ምንዛሪ ነው የሚገባው፤ መብራት ድንገት ሲጠፋ ማራገቢያው ሳያቀዘቅዘው ይቀርና አምፖሉ ያለ ዕድሜው ይጎዳል። እውነት ነው። ነገር ግን መስታወት መጥረግ ምንዛሪ አይጠይቅም። ማጣሪያ ማራገፍ ጨረታ አያስፈልገውም። በእኔ አስተያየት ደረጃው ይታወቃል፦ መጀመሪያ ማጽዳት፣ ቀጥሎ ፎከሱንና የምስሉን ቅርጽ ማየት፣ ከዚያ መለካት፣ ከዚያ ገመዱንና የሲግናሉን ደረጃ ማጣራት፣ በመጨረሻ ሜኑ መንካት። ፋይሉን መውቀስ የሚመጣው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። እኔ ከመጨረሻው ጀመርኩና ሰው ጎዳሁ።

ስለዚህ ሦስት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ በየማሽኑ ክፍል አንድ ደብተር ይኑር፤ የአምፖሉ ሰዓት፣ የጽዳቱ ቀንና የተለካው ላክስ ይጻፍበት። ሁለተኛ፣ ፊልም ሠሪዎች ከምርቃቱ አንድ ቀን ቀድመው ይምጡና መፈተሻ ምስል አስከፍተው ይዩ፤ ለፖስተር የሚሮጡትን ያህል ለዚህም ይሩጡ። ሦስተኛው ለእኛው ለዲፓርትመንታችን ነው። ፕሮጀክተር እንዴት እንደሚሠራ በሰሌዳ ላይ በደንብ ተምረናል። የተበላሸ ምስል አቁመውልን “በሉ ምክንያቱን አግኙ” ያሉን ቀን ግን አላስታውስም። መምህሮቻችን አይቀየሙኝ፤ አንድ አሮጌ ፕሮጀክተርና ያችው ላክስ ሜትር ለአንድ የተግባር ክፍለ ጊዜ ይበቃሉ።

ጓደኛዬን በተመለከተ፣ የለካሁትን ቁጥር ይዤ ዳይሬክተሩ ዘንድ ሄጄ “ጥፋቱ የእኛ ነበር” አልኩት። “አሁን ምን ይጠቅማል?” ነው ያለኝ፤ ፊልሙ ከአዳራሹ ሊወርድ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። ክፍያው እስከ ዛሬ አላለቀም። ጓደኛዬ ግን ቁጥሩ የተጻፈበትን ወረቀት ተቀብሎኝ አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። “ይህቺን በመጀመሪያው ቀን ብታመጣልኝ ኖሮ” አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

እናንተ ግን መልስ ይኑራችሁ። “ፋይሉ ነው” ከማለታችሁ በፊት ጣታችሁን መስታወቱ ላይ አሳርፉ። ቸር እንሰንብት።