ከዓይን ቢሰወርም ከጆሮና ከሳንባ አይሰወርም

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ ዋና ዋና ጎዳናዎች ዳር የቆሙ በርካታ ሕንፃዎች ፊታቸው ታድሷል፤ ቀለም ተቀብተዋል፤ መብራት ተገጥሞላቸዋል። ይሁን እንጂ ሕንፃ ፊት ብቻ ሳይሆን ጀርባም አለው። በጀርባው መብራት ሲጠፋ የሚነሣ ጄኔሬተር፣ የቆሻሻ ገንዳ፣ ትራንስፎርመርና ሙቀት ወደ ውጭ የሚገፋ ኤሲ፣ በጣሪያው ላይ ደግሞ ሮቶና ዲሽ ይገኛሉ። እነዚህ ዕቃዎች ለዓይን አይማርኩም፤ ያለ እነርሱ ግን ሕንፃው ለአንድ ቀን እንኳ በወጉ አገልግሎት መስጠት አይችልም። ስለዚህ ባለንብረቱ ይከልላቸዋል፤ አንዱ በቆርቆሮ፣ አንዱ በቀርከሃ፣ ሌላውም በጽድ ተክል።

መከለል በራሱ የሚነቀፍ ነገር አይደለም። በባህላችን ቤት ሲሠራ ጓዳ አብሮ ይታሰባል። እንግዳ በሳሎን ይቀመጣል፤ ምጣዱ፣ ጋኑና ማገዶው በጓዳ ይሆናል። ጓዳን ከእንግዳ ዓይን መጋረድ ሥርዓት ነው። ነገር ግን በጓዳ የሚውል ሰው አለ። ጭሱ መውጫ ካጣ፣ እንግዳው በሳሎን ምንም ሳይታወቀው የእናታችን ዓይን በጓዳ ሲያነባ ይውላል። የሕንፃ መከለያም እንዲሁ ሁለት ፊት አለው። አንደኛውን መንገደኛው ያየዋል፤ ከሁለተኛው ጋር ጎረቤቱ፣ የጥበቃ ሠራተኛውና ቆሻሻ የሚያነሣው ሰው አብረው ይኖራሉ። በእኛ እምነት መከለያ መመዘን ያለበት በዚህ በሁለተኛው ፊቱ ነው። መመዘኛውም የጣዕም ጉዳይ ሳይሆን በትምህርት ክፍል የምንማረው ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ሥነ ሕይወት ነው።

ድምፅ አጥርን እንዴት ይሻገራል?

ብዙዎቻችን ያልታየ ነገር ያልተሰማም ይመስለናል። ሁለቱ ግን የተለያዩ ሞገዶች ናቸው። የምናየው ብርሃን የሞገድ ርዝመት ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ያነሰ ነው። ስለዚህ አንድ ቅጠል እንኳ ሊጋርደው ይችላል። የጄኔሬተር ድምፅስ? ባለ 50 ሄርዝ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ የተለመደ ጄኔሬተር ሞተሩ በደቂቃ 1500 ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ 25 ጊዜ ይሽከረከራል። ሞተሩ ባለ አራት ምትና ባለ ስድስት ሲሊንደር ከሆነ በእያንዳንዱ ዙር ሦስት ጊዜ ነዳጅ ይቀጣጠላል፤ ይህም በሰከንድ 75 ጊዜ መሆኑ ነው። ደረታችን ላይ የሚሰማን ያ ጎርናና ድምፅ ከዚህ ይመነጫል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ይህን ለ75 ብናካፍለው የሞገዱ ርዝመት 4.5 ሜትር ገደማ ሆኖ እናገኘዋለን።

እንግዲህ ሁለት ሜትር ከፍታ ያለው አጥር ለዚህ ሞገድ ምኑ ነው? ከሞገዱ ርዝመት ግማሹን እንኳ አያክልም። ሞገዱ የአጥሩን ጫፍ ታጥፎ ያልፋል። ቆርቆሮ ከሆነ ደግሞ ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ስለሆነ ራሱ እየተርገበገበ ድምፁን ያስተላልፋል። አንድ ረድፍ ጽድም ለዓይን ግርማ ቢሰጥም ድምፅን የሚያግደው እጅግ በጥቂቱ ነው። ድምፅን የሚያግደው ክብደት ነው። ቀዳዳ የሌለው የድንጋይ ወይም የብሎኬት ግንብ፣ ከሞተሩ እግር ሥር የሚገባ ላስቲክ፣ በደንብ የተሠራ ማርሚታ፣ በውስጥ በኩል ድምፅን የሚመጥ ልባስ ያስፈልጋል። ከሁሉም በላይ ርቀት ይረዳል፤ ገላጣ በሆነ ቦታ ከድምፁ ምንጭ ያለን ርቀት በእጥፍ ባደገ ቁጥር የድምፁ መጠን በ6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል።

ሙቀቱና ጭሱስ?

የጄኔሬተር ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ኃይል ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው አንድ ሦስተኛ ያህሉን ነው። የቀረው በራዲያተሩ፣ በጭስ ማውጫውና በሞተሩ አካል በኩል ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ 100 ኪሎ ዋት ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ጄኔሬተር ወደ 200 ኪሎ ዋት የሚጠጋ ሙቀት ወደ ዙሪያው ይለቃል ማለት ነው። መከለያው ዙሪያውን ከተዘጋ ይህ ትኩስ አየር ተመልሶ ወደ ራዲያተሩ ይገባል፤ ሞተሩም በገዛ ትንፋሹ ይታፈናል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ የአየር ግፊቷ በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሞተሩ ለማቃጠያም ሆነ ለማቀዝቀዣ የሚያገኘው አየር ከመነሻው የሳሳ ነው። በዚህ ላይ ጠባብ መከለያ መጨመር በደጋ ላይ የሚሮጥን ሰው አፍንጫ እንደ መያዝ ይቆጠራል።

የጭሱ ነገር ከዚህ ይከፋል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ሞተር ጭስን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች ተራ መድቦታል። በሞተር ጭስ ውስጥ የሚገኘው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደማችን ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር የመጣመር ዝንባሌው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። አየር በማይዘዋወርበት ቦታ ሲጠራቀም ሰው ሳያውቀው ይገድላል።

ይህን የምንለው ከመጽሐፍ ብቻ ተነሥተን አይደለም። በቅርቡ ፊቱ ካማረ አንድ ሕንፃ ጀርባ ቆመን ነበር። ጄኔሬተሩ ዙሪያውን በቆርቆሮ ታጥሯል። የጭስ ማውጫው ጫፍ ከአጥሩ ጥቂት ብቻ ከፍ ብሎ በጎረቤቱ መስኮት ትክክል ያበቃል። የጥበቃው ማደሪያ የተሠራው በዚያው አጥር ውስጥ ነው። “አባባ፣ ጄኔሬተሩ ሲነሣ የት ይሆናሉ?” ብለን ጠየቅናቸው። “ዝናብም ቢሆን ወደ በሩ እወጣለሁ ልጆቼ፤ ከጭሱ ዝናቡ ይሻለኛል” አሉን። ከመንገድ ሲታይ ግን መከለያው ሥራውን በሚገባ ሠርቷል።

ግንብ ያስረሳል

የቆሻሻ ገንዳም ከዚህ የተለየ አይደለም። የምግብ ትራፊ አየር በሌለበት ሲከማች ረቂቅ ተሕዋስያን ይብላሉታል፤ ሚቴንና መጥፎ ሽታ ያላቸው ጋዞችም ይወጣሉ። የቤት ዝንብ በሙቀት ጊዜ ከእንቁላል ተነሥታ በራሪ ለመሆን ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃታል። ስለዚህ ገንዳው ከሳምንት በላይ ሳይነሣ ከቆየ፣ የቱንም ያህል ያማረ ግንብ ቢታጠርለት፣ ግንቡ ለዝንብ መራቢያ ከመሆን አያልፍም። ለጤና ከግንቡ ይልቅ ክዳኑ፣ የሚታጠበው ወለልና የማንሻው ቀን ይበልጣሉ። የግንብ ክፉ ጠባዩ ማስረሳቱ ነው፤ ያልታየ ገንዳ ሳይነሣ ቢከርም ማንም አይከስም።

ግቢው የረሳውን ቆሻሻ ከተማም ሊረሳው ይችላል። ከየሕንፃው ጀርባ የሚነሣው ሁሉ የሚያርፍበት ቦታ አለውና። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ የተከመረው የቆሻሻ ተራራ ተንዶ ከአንድ መቶ በላይ ወገኖቻችን ሕይወታቸውን አጥተዋል። በዚያ ክምር ሥር የሚኖሩ ሰዎች እንዳሉ አብዛኞቻችን ልብ ያልነው ከአደጋው በኋላ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለው አነጋገር ለሰው አካል ብቻ የተነገረ አይመስለንም።

ውበትና ሳይንስ የሚስማሙበት

“ለጄኔሬተር ይህን ያህል መጨነቅ ለድሃ አገር ቅንጦት ነው፤ ቦታውም ጠባብ ነው” የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። መልሳችን አጭር ነው። የእነዚህ ዕቃዎች ቦታ ሕንፃው ገና በወረቀት ላይ ሳለ ቢወሰን ወጪው የአንድ መሥመር ያህል ነው፤ ከተሠራ በኋላ ግን ማፍረስን ይጠይቃል። ቦታ ሲጠብ ደግሞ የጭስ ማውጫውን እስከ ጣሪያው አናት ማድረስ ይቻላል።

መልካም መከለያ ዓይንንም ዕቃውንም ያገለግላል። በጣሪያ ላይ ለተሰቀለ ሮቶ በርብራብ የተሠራ ጥላ ቢደረግለት ሮቶው ከእይታ ይጋረዳል፤ ውኃውም አይሞቅም፤ ክሎሪኑም ቶሎ አያልቅም። ኤሲ የሚተፋው ሙቀት እንዳይመለስበት ከፊቱ ክፍት ቦታ ተትቶ በጎን ብቻ ቢጋረድ የሚበላው ኤሌክትሪክ አይጨምርም። ትራንስፎርመር አየር በሚያሳልፍና በሚቆለፍ የሽቦ አጥር ቢከበብ ልጆች አይነኩትም፤ ባለሙያም ሆነ የእሳት አደጋ ሠራተኛ በአደጋ ጊዜ ይደርስበታል። በየሰገነቱ ከሚደረደሩት ዲሾች ፈንታ ሕንፃው አንድ የጋራ ዲሽ ቢኖረው የሚከለለው ነገር ራሱ ይቀንሳል።

ውድ አንባብያን፣ ነገ ንድፉን የምታወጡት፣ ፈቃዱን የምትሰጡትና ሥራውን የምትቆጣጠሩት እናንተ ናችሁ። እስከዚያው በምትማሩበት ግቢ ካሉት ሕንፃዎች የአንዱን ጀርባ ዙሩ። ጭሱ ወዴት ይሄዳል? ትኩሱ አየር መውጫ አለው? ገንዳው በስንት ቀን ይነሣል? ከመከለያው በስተጀርባ የሚውለው ማን ነው? መልሱን ጽፋችሁ ለሚመለከተው ክፍል አቅርቡ። የመጨረሻውን ጥያቄ ግን ለወረቀት ብቻ አትተዉት፤ እዚያ ለሚውለው ሰው ሰላምታ ሰጥታችሁ እርሱን ራሱን ጠይቁት። የመከለያውን ሁለተኛ ፊት ከእርሱ የበለጠ የሚያውቀው የለም እንላለን።