ከውጭ የሚጠረግ ዘይት

የአጎቴ ላንድ ክሩዘር ከእኔ ዕድሜ ብዙም አያንስም። ባለፈው ዓመት የቀኝ የፊት ጎማው በውስጥ በኩል በጥቁር ዘይት ተለወሰ፤ ከሐረር ሲመለስ ደግሞ የደንገጎን ቁልቁለት መሪው በእጁ ላይ እየተንቀጠቀጠ ወረደ። ጋራዥ ወሰደው። ዘይቱ ተጠረገ፣ ግሪስ ተጨመረ፣ «ጋሼ፣ ከእንግዲህ ሐሳብ አይግባዎት» ተባለ። ወር ሳይሞላው ተመለሰ። በሁለተኛው ጊዜ ኦይል ሲሉ በአዲስ ተቀየረ፤ እርሱም አልቆየም።

እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ ነገር ግን ያረጀ የፊት አክስል ሊፈታ እንጂ ሊጠረግ አይገባውም እላለሁ።

በእነዚህ መኪኖች የፊት አክስል በሁለቱም ጫፍ ክፍት የብረት ኳስ አለ። በውስጡ፣ ጎማው ታጥፎም ቢሆን እንዲዞር የሚያደርገው መጋጠሚያ በግሪስ ተነክሮ ይኖራል። የዲፈረንሻሉን ዘይት ከዚህ ግሪስ የሚለየው ኦይል ሲል የምንለው ትንሽ ቀለበት ብቻ ነው። እርሱ ሲያረጅ ዘይቱ ይገባል፤ ግሪሱን እንደ ሾርባ ያቀጥነዋል። በውጭ የምናየው ጠብታ የነገሩ ማብቂያ ነው።

ታዲያ አዲሱስ ለምን ተበላሸ? መልሱን ያገኘነው ሙያቸውን በምድር ባቡር ወርክሾፕ ከተማሩ አንድ አዛውንት ነው። (ከተማችንስ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ሲደርስ በጣቢያውና በወርክሾፑ ዙሪያ የበቀለች አይደለችምን?) ሁሉንም ፈትተው በነጭ ጋዝ አጠቡት። የታችኛው ኩሽኔታ መቀመጫ ተቦርቡሯል፤ መሪውን ያንቀጠቀጠው እርሱ ነበር። ከኳሱ በላይና በታች የሚገቡት፣ አንዳንዶቹ 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ የሚሆኑት ስስ የብረት ዝርግ ቀለበቶች ደግሞ ቦታቸው ተቀላቅሏል። እነርሱ ከተዛቡ ጎማው የሚታጠፍበት እምብርት ከአክስሉ መካከል ይወጣል፤ አዲሱም ኦይል ሲል ባንድ ወገን ተጨቁኖ ይበላል። አዛውንቱ ቶርኖ ላይ ባስወጡት መለኪያ እንደገና ደለደሏቸው፤ የላዩንና የታቹን ለየብቻ በክር አስረው አስቀመጡ።

ባንክ ውስጥ ማታ ሒሳብ ሲዘጋ 1 ብር ቢጎድል፣ ያ ብር ሳይገኝ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ስለዚህ የክሩ ነገር ልቤን ነካው።

ጥፋቱን ሁሉ በወጣቶቹ መካኒኮች ላይ አልጭንም። ለኩሽኔታው የተጠየቅነውን ሳናንገራግር እንከፍላለን፤ ለሁለት ቀን የእጅ ዋጋ ግን እንደ ሽንኩርት እንከራከራለን። ሲለካ ለዋለበት ሰዓት ማንም የማይከፍለው ወጣት ምን ብሎ ይለካል? አጎቴም የአዛውንቱን ዋጋ ሲሰማ «ለመፍታትና ለመግጠም?» ብሎ ፊቱን አኮሳተረ። አፈርሁ፤ ግማሹን እኔ ከፈልሁ።

ባለፈው እሑድ ከሐረር ሲመለስ ጎንበስ ብዬ ከጎማው በስተውስጥ ተመለከትሁ። ኳሱ ላይ ያለው የደንገጎ አቧራ ብቻ ነበር፤ ደረቅ አቧራ።